ትንበያው ውኃው ጸጥ ያለ ነው ይላል፤ የካቲት 16 ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በስንት ሰዓት መመለስ ይሻላል?

ጠያቂ፦ ከደርባን የመጣ

ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ቢሆንም ላለፉት ስምንት ዓመታት የምኖረው በደቡብ አፍሪካ የወደብ ከተማ በደርባን ነው። እዚያ ከሥራ ሰዓት ውጭ በሰርፍ ሰሌዳ ማዕበል መጋለብ ስለለመድሁ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ስልኬን ከፍቼ የማዕበሉን ቁመት፣ አንዱ ሞገድ ካለፈ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ያለውን የሴኮንድ ብዛትና የነፋሱን አቅጣጫ ማየት እንደ ጠዋት ቡና ሆኖብኛል። ቁጥሮቹ ለሳምንት ያህል ዝቅ ብለው ሲቆዩ ሰርፈኞቹ ባሕሩ «ፍላት» ሆነ ይላሉ፤ እንዲህ ባለው ሰሞን ሰሌዳውን ጥግ አቁሞ የሚቀጥለውን ማዕበል ከመጠበቅ በቀር የሚሠራ ነገር የለም። ትንበያው በአብዛኛው አይሳሳትም፤ ሰኞ ጸጥ ይላል ካለ ጠዋትም ከሰዓት በኋላም የሚደርሰው ማዕበል ትንሽ ነው።

አሁን አገሬ ገብቻለሁ። እናቴ ለዑራ ኪዳነ ምሕረት የተሳሉት ስለት ስላለባቸው ለየካቲት 16 ክብረ በዓል በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ልወስዳቸው አስቤአለሁ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ጉልበታቸውንም ስለሚያማቸው በመኪና ሄደን ረጅሙን መንገድ በእግር ከምናስኬዳቸው በጀልባ መሻገሩን መርጠናል። ስልኬ ላይ ያለው ትንበያ ለሚቀጥሉት ዐሥር ቀናት የማዕበል ቁመት ዜሮ፣ ነፋስ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር፣ ሰማዩም ጥርት ያለ መሆኑን ያሳያል። በደርባን ዓይን ካየሁት ይህ ሕፃን ልጅ የሚዋኝበት ውኃ ነው። ይሁን እንጂ በጀልባ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ ጎረቤታችን ይህን ስነግራቸው ፈገግ አሉና «መሄዱን ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ግን አትመለሱ» አሉኝ። ችግሩ ሥርዓቱ ተፈጽሞ፣ ሕዝቡ ተሰነባብቶ፣ እናቴም በቡናው ጫካ ውስጥ ያለውን መንገድ ቀስ ብለው ወርደው ጀልባው ዘንድ እስኪደርሱ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ አይቀርም። ጎረቤታችንን ልመን ወይስ ትንበያውን?

እግረ መንገዴን፣ ቆመው የሚቀዝፉበትን ሰፊ ሰሌዳዬንም ይዤ መጥቻለሁና በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ዳርቻ ብወጣ እንደሚሻል ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የሐይቅ ሰው

እንኳን ለአገርዎ አበቃዎ። ሃያ ዓመት ለሚሆን ጊዜ በዚህ ሐይቅ ላይ ሰው አመላልሻለሁና የማውቀውን ልንገርዎ። ጎረቤትዎም ስልክዎም አልዋሹም፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ሰዓት ነው። በጣና ላይ በየካቲትና በመጋቢት ጸጥ ያለ ሳምንት፣ የተናወጠ ሳምንት ብለን አንከፍልም፤ ጸጥ ያለ ጠዋትና የተናወጠ ከሰዓት አለ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ውስጥ ይገኛሉ።

ጎህ ሲቀድ ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ወጥተው ሲያልፉ የመቅዘፊያቸው ጠብታ የሚሠራው ክብ እንኳ ለብቻው ይታያል። እስከ አራት ሰዓት ድረስ በአብዛኛው እንደዚሁ ይቆያል። ከአራት ተኩል ጀምሮ ወደ ሰሜን፣ በክብራንና በእንጦስ ደሴቶች በኩል ይመልከቱ፤ ውኃው ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይታይዎታል። የደመና ጥላ እንዳይመስልዎ፤ ነፋሱ የነካው ውኃ ነው፤ መስመሩ ወደ እኛ እየቀረበ ይመጣል። ያ መስመር ጀልባዎ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የውኃው መልክ ይለወጣል። ሰባት ሰዓት ገደማ ነጭ አረፋ በየቦታው ብቅ ይላል፤ ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት ያለው የባሰበት ነው፤ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይደክማል፤ ሞገዱ ግን ነፋሱ ከቆመም በኋላ ወዲያው አይተኛም።

ስለ መመለሻው በተለይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው አለ። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ሲመጡ ሞገዱ ከኋላ ነው። ከፊት የሚመጣ ሞገድ ጀልባውን እየደበደበ ስለሚያስፈራ ነጂው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከኋላ የሚመጣው ግን እየገፋ ስለሚያግዝ መንገዱ ለስላሳ ይመስላል፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ነጂው ሞተሩን ድንገት ካጠፋ ወይም ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ ከጣለ፣ የተከተለው ሞገድ በኋላ በኩል ጀልባው ውስጥ ይገባል። ሰው ሁሉ ከሞተሩ አጠገብ ተጠጋግቶ ከተቀመጠ ደግሞ የኋላው ዝቅ ስለሚል የባሰ ነው። እናትዎን መካከል ላይ ያስቀምጧቸው፤ ከፊት ይዘላል፣ ከኋላ ይረጫል።

ሌላው ጭነት ነው። በበዓል ቀን ዐሥራ ሁለት ሰው በሚይዝ ጀልባ ላይ ዐሥራ ስምንት ሲሳፈር በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜም እኔው ራሴ በተሳፋሪ ልመና ተሸንፌ ከልኩ በላይ ጭኜ፣ የጀልባው ጠርዝ ከውኃው አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶት ስንገባ የነበረውን የሴቶቹን ዋይታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጠዋት ውኃው ተኝቶ ሳለ ያ ጭነት ምንም አይመስልም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲነጋገሩ ስንት ሰው እንደሚሳፈር አብረው ይቁረጡ። ላይፍ ጃኬቱንም ከወንበሩ ሥር አለ ሲባሉ አይቀበሉ፤ ወጥቶ ይለበስ።

ምክሬ እንዲህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታችሁ ሂዱ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለመመለስ ከአምስት ሰዓት በፊት መውጣት ካልቻላችሁ፣ እስከ 11 ሰዓት ከሩብ እዚያው ታገሡ። በየካቲት ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ሳይጨልም ትገባላችሁ። እናትዎ ማደር ከቻሉ ደግሞ በዋዜማው ሄዶ አድሮ፣ በማግስቱ ጠዋት መመለስን የሚያህል የለም፤ የድሮ ሰዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነበር።

መልስ፦ የአየር ጠባይ ተማሪ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ ምክንያቱን ልጨምርበት፤ ጠያቂው የማዕበል ቁጥር ማንበብ የለመዱ ስለሆኑ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለዚያ «ዜሮ»። የማዕበል ትንበያ የሚሠሩት ዓለም አቀፍ ሞዴሎች የተዘጋጁት ለውቅያኖስ ነው። እንደ ጣና ያለ ሐይቅ በብዙዎቹ ውስጥ እንደ ደረቅ መሬት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ዜሮ የሚለው ቁጥር «ማዕበል የለም» ሳይሆን «አልተሰላም» ማለት ሊሆን ይችላል። የነፋሱም ቁጥር ቢሆን ሰፊ አካባቢን በአንድ የሚያይ፣ አንዳንዴም የቀኑን አማካይ የሚሰጥ ነው። ጠዋት ዜሮ፣ ከሰዓት በኋላ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ ማታ እንደገና ዜሮ የሆነ ነፋስ በአማካይ ሲታይ ሰባት ሊመስል ይችላል፤ ጀልባ ላይ ያለ ሰው የሚመታው ግን አማካዩ ሳይሆን ሃያው ነው። ትንበያውን በየሰዓቱ ከፍለው ይክፈቱት፤ ከተቻለም ከአማካዩ ነፋስ ይልቅ የሽውታውን ቁጥር ይመልከቱ።

ነፋሱ ከየት መጣ ለሚለው፣ ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ሲነሣ በሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ሊሞላ ይመጣል። ባሕር ዳር በደቡብ ዳርቻ ስለሆነች ይህ ነፋስ ለእናንተ ከሰሜን ነው፤ በዚያው ሰዓት በሰሜን ዳርቻ፣ ጎርጎራ ያለ ሰው ግን ከደቡብ ሲነፍስ ያገኘዋል። ሌሊት ይገለበጥና ከየብስ ወደ ሐይቁ ቀስ ብሎ ይነፍሳል። ሰማዩ በጠራ ቁጥር የብሱ ይበልጥ ይሞቃልና፣ ስልክዎ ላይ ያለችው ያቺ ደስ የምትል የፀሐይ ሥዕል ለከሰዓቱ ነፋስ ማስጠንቀቂያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለችም። ይህን ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚረዳው።

አሁን ወደ ማዕበሉ። የማዕበል ቁመት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በነፋሱ ብርታት፣ ነፋሱ በውኃ ላይ በሚጓዝበት ርቀትና በሚነፍስበት ጊዜ ርዝመት። ደርባን ላይ የሚሰበረው ትልቁ ማዕበል ብዙውን ጊዜ ከአፍሪካ በስተ ደቡብ በሚያልፍ ማዕበላዊ አየር የተወለደ ነው። በ14 ሴኮንድ ልዩነት የሚመጣ ሞገድ ኃይሉን በቀን ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ያጓጉዛል፤ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ርቀትም 300 ሜትር ገደማ ነው። ያ ማዕበል ሩቅ ተወልዶ ለቀናት የሚጓዝ ስለሆነ መምጣቱም መቅረቱም ከቀናት በፊት ይታወቃል። የእርስዎ «ፍላት» ሰሞን ማለት እንግዲህ በዚያ ሩቅ ባሕር ላይ በቂ ነፋስ አልነፈሰም ማለት ነው።

ጣና ከሩቅ የሚላክለት ማዕበል የለውም። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱም በጣም በሚጠልቅበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም። እዚህ የሚነሣው ሞገድ ሦስት ሴኮንድ ገደማ ልዩነት ያለው ነው፤ ርዝመቱ 14 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን እንኳ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላው ይደርስብዎታል። የዚህ ሞገድ ኃይል የሚጓዘው በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ተኩል በማይሞላ ፍጥነት ነው። አምስት ሰዓት ብቻ የሚነፍስ የከሰዓት ነፋስ ከጎርጎራ የተነሣውን ሞገድ ባሕር ዳር አያደርሰውም፤ ሳይደርስ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። የየዕለቱ ሞገድ የሚያሰለች እንጂ እጅግ ግዙፍ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከፍታውም ትንሽ ያግዛል፤ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ከደርባኑ አየር አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል፤ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስም ውኃውን የሚገፋበት ኃይል በዚያው ልክ ያንሳል።

ከዚህ የሚወጣው መጠንቀቂያ አንድ ነው። ሌሊቱን ሳያቋርጥ ከሰሜን ሲነፍስ ያደረ ከሆነ፣ ማለትም ጎህ ሲቀድ ውኃው እንደ ዘይት ካልሆነ፣ የሰዓት ሰሌዳው ፈርሷል ማለት ነው፤ ሞገዱ ሙሉውን የሐይቅ ርዝመት ለመጠቀም ጊዜ አግኝቷል። በዚያ ቀን ጠዋትም ቢሆን አይውጡ።

መልስ፦ የደቅ ልጅ

በመጨረሻው አንቀጽ እስማማለሁ፤ እኛ ደሴት ላይ ያደግን ሰዎች በሰዓት ብቻ አንመራም፤ ጎህ ሲቀድ ወደ ዳርቻው ወርደን ነው የምንወስነው። ደግሞም ይህ ሁሉ የተጻፈው ስለ በጋ መሆኑ አይረሳ። በክረምት ሌላ ሕግ አለ። በዙሪያው ባሉት ተራሮች ላይ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፤ በሐይቁ ላይ ግን ሌሊት ነጎድጓድ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከዝናቡ ቀድሞ የሚደርሰው ቀዝቃዛ ሽውታም ከየትኛውም አቅጣጫ ሊመጣ ይችላል። ጠያቂው በሐምሌ መጥተው ይህንኑ ምክር እንዳይጠቀሙበት ብዬ ነው።

መልስ፦ ማለዳ ቀዛፊ

ስለ ሰሌዳው እኔ ልመልስ። ከ12 ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ከከተማው ዳርቻ መውጣት ይቻላል፤ የሌሊቱ ነፋስ ርዝራዥ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ግን ሳያውቁት እንዳይርቁ፤ ሲወጡ ቀላል የሆነው ሲመለሱ ይከብዳል። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አፍ፣ ወደ ጨራጨራ ግድብ አቅጣጫ በፍጹም አይቅዘፉ፤ ቦታው የጉማሬ ነው፤ ጉማሬ ደግሞ ሰሌዳውን ምን ብሎ እንደሚያስበው ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ሣር የበዛበት የረጋ ጥግ ውስጥም ገብተው እግርዎን አያራሱ፤ የጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለበት። ማዕበል መጋለቡን በተመለከተ፣ የዚህን አገር ሞገድ ለመጋለብ የሚሞክር ሰርፈኛ ሁለት ክንድ ሳይሄድ ሞገዱ ከሥሩ ያልቅበታል።

ጠያቂ፦ ከደርባን የመጣ

ሁላችሁንም እያመሰገንሁ የሆነውን ልንገራችሁ። ማደሩ ለእናቴ ስላልተመቸ ጠዋት ሄደን ማታ መመለስን መረጥን። 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ስንነሣ ውኃው የተባለውን ይመስል ነበር፤ እናቴም እስከ ዘጌ ድረስ ውዳሴ ማርያማቸውን አንድም መስመር ሳይዘሉ ደገሙ። አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከቤተ ክርስቲያኑ ወርጄ ዛፍ በሌለበት በኩል ወደ ሰሜን ስመለከት ጠቆር ያለው መስመር እንደተባለው መጣ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግማሽ ልቤ ከስልኩ ጋር ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብዛኛው ሰው ወደ ጀልባ ወረደ። እኛ ዳርቻው ላይ ካለ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ እናቴ «ሁሉም ሲሄድ እኛ ለምን ቀረን?» እያሉ ሁለት ጊዜ ተቆጡኝ። የታሰረች አንዲት ጀልባ ከፍ ዝቅ ስትል እያየሁ ሰዓት ይዤ ቆጠርሁ፤ ሃያ ሞገድ ለማለፍ 58 ሴኮንድ ወሰደ። ሦስት ሴኮንድ ማለት ነው። ቁመቱ ከጉልበቴ በላይ ነበር።

11 ሰዓት ከሃያ ላይ ስንነሣ ነፋሱ ደክሞ ሞገዱ ገና አልተኛም ነበር። ነጂያችን የሞተሩን ፍጥነት ከሞገዱ ፍጥነት ጋር ሊያስተካክል ምንም ስላልቀረው፣ አንድ ሞገድ ከኋላችን ገብቶ ጀልባዋን ብድግ ያደርግና ቶሎ ሳያልፍ አብሮን ይቆያል። ሰሌዳ ላይ ብሆን ያቺን ስሜት በገንዘብ የምገዛት ናት፤ እናቴ አጠገቤ ሆነው ግን ክርናቸውን አጥብቄ እንደያዝሁ ነው የገባሁት። ነጂው እስክንደርስ ድረስ አንድም ጊዜ እጁን ከሞተሩ መሪ ላይ አላነሣም። የነጠላቸው ጫፍ ብቻ ረጠበ።

አሁን ደግሞ ሚያዝያ ውስጥ ከመሄዴ በፊት በደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን ካላሳየኸኝ ይሉኛል። በዚያ ወር ጠባዩ እንዴት ነው?

መልስ፦ የደቅ ልጅ

ነፋሱ ያው ነው፤ አልፎ አልፎ ከሰዓት በኋላ የነጎድጓድ ደመና ሊጨመርበት ይችላል። ደቅ ግን ዘጌ አይደለም፤ በተለመደው ጀልባ ወደ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ ከዘጌ ካለፉ በኋላም ነፋስ የሚከልል ነገር የለም። በዚያ ላይ ሐይቁ እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ እየጎደለ ስለሚሄድ በመስከረም በውኃ የተሸፈኑ ድንጋዮች በዳርቻው ላይ ወደ ላይ ይቀርባሉ፤ መውረጃውን የሚያውቅ ነጂ ይያዙ። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታችሁ በዚያው ቀን ለመመለስ አታስቡ፤ እናትዎ አንድ ሌሊት ደሴቱ ላይ እንዲያድሩ አስቀድመው ያግባቧቸው፤ ብርድ ልብስም ይያዙላቸው።